የእትዬ ጭልፋ ወንበር

እትዬ ጭልፋ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አላት፤ ግን እሱን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። በመርከብ መጠገኛው ግቢ ከበር ጠባቂው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ እትዬ ጭልፋ የማይላት የለም። ስሙ የወጣላት ገና በሠራተኞቹ መመገቢያ ቤት ሳህን አጣቢ ሳለች ነው። ያኔ የሚያበስለው ባሕር የሰለቸው አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ነበር፤ ድስቱን ከሚያማስልበት ጊዜ ሰው የሚሳደብበት ይበልጣል ይባልለታል። አንድ ቀን ሠራተኛው ትሪውን ይዞ ተሰልፎ ሳለ ሽማግሌው በጨው ነገር ከአንድ መካኒክ ጋር ተጣላና ሽርጡን ወርውሮ ወጣ። ሰልፉ በቆመበት ቀረ። እሷ እጇን ጠራርጋ ጭልፋውን አነሳች፤ ሁሉም እያያት ቀመሰች፤ ጨው ጨመረች፤ ደግማ ቀመሰችና "በል፣ ቀጥል" አለች። ሽማግሌው አልተመለሰም፤ እሷም ጭልፋውን አላስቀመጠችም። ከዚያን ቀን ወዲህ የምግብ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሰልፉ ፊቷ ቆሞ፣ እሷ አንድ ጭልፋ ሳትቀምስ ለማንም ጨልፋ አታውቅም።

ሐሜት አይሁንብኝና ሴትየዋ አንድ አመል አለባት። ሰው ሲበላ ማየት ትወዳለች። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ያየችውን ካላወራች እንቅልፍ አይወስዳትም። ግቢው ደግሞ ለዚህ አመል የተሠራ ነው፤ መርከብ ያለው አገር ሁሉ ልጁን ወደዚያ ልኳል። ቀለም ቀቢዎቹ ሾርባ ሲጠጡ ግድግዳ የሚያልፍ ድምፅ ያሰማሉ። መጀመሪያ "ምነው እነዚህን የሚቆጣ አሳዳጊ አልነበራቸውም?" ትል ነበር። ኋላ ግን በእነሱ ቤት ሾርባን ዝም ብሎ መጠጣት "አልጣመኝም" ማለት መሆኑን ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ቀን ሮጣ ሄዳ ድስቷን ትመረምራለች። የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ደግሞ ማንኪያ ካነሱ እስኪያስቀምጡ ቃል አይወጣቸውም፤ ለቅሶ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ሻይ ሲመጣ ግን የሚያቆማቸው የለም። ክሬን ነጂው ሳህኑን ከመንካቱ በፊት አፍንጫውን ያስጠጋና ዓይኑን ጨፍኖ ይስበዋል። ብዙ ጊዜ "ምን ሸተተህ?" ብላ ተቆጥታዋለች፤ በእሱ አገር ግን ምስጋናው ይኸው ነው።

ከሁሉ የምትስቀው በሁለቱ መካኒኮች ነው። አንዱ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ጉራሽ ያስተርፋል፤ ሳህን ባዶ አድርጎ መነሳት አብሳይዋን "አላጠገብሽኝም" ብሎ መክሰስ ነው ተብሎ ያደገ ነው። ሌላው ሳህኑን በዳቦ ወልውሎ መስተዋት ያስመስለዋል፤ ማስተረፍ እንጀራ የሰጠን መስደብ ነው ተብሏላ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ፤ እያንዳንዱም ወደ እሷ መስኮት መጥቶ ጓደኛውን ስድ አደግ ነው ብሎ ያማል። እሷም ለሁለቱም አንገቷን ትነቀንቃለች። "ሆድ የትም አንድ ነው፤ ወደ ሆድ የሚወስደው መንገድ ነው የሚለያየው" ትላለች፤ ይህች አባባል የራሷ ናት፤ እየደጋገመች ሰው አሰልችታባታለች።

"አንቺስ እትዬ፣ እንዴት ነው የምትበዪው?" ብሎ ጠየቃት አንድ ቀን ክሬን ነጂው።

"እኔማ እንደ ሰው ነዋ" አለችው።

እውነቱን ለመናገር እሷ ስትበላ ያያት ሰው የለም። የሠራተኛው ምሳ አልቆ መስኮቱ ሲዘጋ ምድጃውን ተደግፋ፣ ቆማ፣ ከድስቱ ሥር የቀረውን በዚያው በጭልፋዋ ትቀማምሳለች፤ ይኸው ምሳ ነው። በቤቷም ያው ናት። ባሏና ልጇ ገበታ ላይ ተቀምጠው እሷ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት ናት፤ ጨው ላምጣ፣ ውኃ ልጨምር፣ ዳቦውን ላሙቅ። "እማዬ፣ ቁጭ በይና ብዪ" ሲሏት መልሷ የታወቀ ነው፦ "ያበሰለ በእንፋሎቱ ይጠግባል።" እናቷም እንዲሁ ነበሩ። ልጅ የሞላበት ቤት ውስጥ እናቷ ሁሉም እስኪጠግብ ቆመው ያስተናግዱና ድስቱን ጠራርገው ይበሉ ነበር፤ አንዳንድ ቀንም የሚጠረግ አይኖርም። እትዬ ጭልፋ ይህን እንደ አበላል ቆጥራው አታውቅም። አበላል ማለት የሌሎች ነገር ነው፤ የእሷ እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ አንድ ብረት በያጅ እንምጣ። ግቢው ብልጭታ ብሎ ይጠራዋል። ከማዶ ካለችው ደሴት ነው የመጣው፤ አነጋገሩ ጎተት ይላል እንጂ ቋንቋው ያው የእኛው ነው። እትዬ ጭልፋ አበላሉን ገና በመጀመሪያው ሰሞን ያዘች። ቀድሞ ይሰለፋል፤ እሷ ስትቀምስ ዓይኑን አይነቅልም። አርፍዶ የመጣ ቀን ደግሞ ሾርባውን ፊቱ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየዋል፤ እሷ ሁለተኛውን ድስት ከፍታ ስትቀምስ ብቻ ማንኪያውን ያነሳል። ነገሩ ወዲያው ገባት። "ምላሱ ስስ ነው፤ ትኩስ አይችልም፤ እስኪበርድለት ነው የሚጠብቀው" አለች። ደግ ሴት ናትና ከዚያ ወዲያ የእሱን ሾርባ ቀድማ ቀድታ መስኮቱ ዳር ላይ ታበርድለት ጀመር። ሰውዬውም ያን ለብ ያለ ነገር ዓመቱን ሙሉ እያመሰገነ ጠጣው።

ልጇ የግቢው ክሊኒክ ነርስ ናት። በያጁ እጁን እሳት ፈጅቶት ሊታሰርለት ሄደ፤ ቁስሉ ድኖም ፋሻ ይቀየርልኝ እያለ መመላለሱን አልተወም። የዳነ እጅ ያለ ምክንያት ሲታሰርና ሲፈታ ግቢው ሁሉ ገብቶት ነበር፤ ያልገባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሲገባቸው በያጁ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ቤት ድረስ መጣ።

"እናቴ ልትጎበኛችሁ ትመጣለች" አለ ጎንበስ ብሎ። "በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በወሬ አያልቅም፤ በማዕድ ነው የሚያልቀው። እናቴ እዚህ ቤት ከበላች ዘመድ ሆነናል። ሳትበላ ከተነሳች ግን... እሷን አልፌ አላገባም፤ አባት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት።"

"ሳትበላ?" አለች እትዬ ጭልፋ። "ከእኔ ቤት?" ሳቋ መጣባት።

እሱ ከሄደ በኋላ ልጇ ወጥ ቤት ተከትላት ገባች። "እማዬ፣ እንዳትቀልጂ፤ እሱን ካጣሁ እንዲህ በዋዛ የምረሳው አይምሰልሽ" አለቻት። እትዬ ጭልፋም ሳቋን ዋጠች።

ቤታቸው ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። እሑድ ጠዋት ከልብስ ሰፊው ወንበር ተውሰው ገበታውን አሳመሩ። ባለቤቷ ጋሼ ገመዱ፣ በጡረታ የወጣ የመርከብ ገመድ ሠራተኛ ነው፤ ሆዱ ላይ የማይገጥም ኮቱን እንዲለብስ ተገደደ። እሷ ከንጋት ጀምሮ ወጥ ቤት ናት። የዓሣ ሾርባ፣ ሩዝ፣ በምድጃ የተጠበሰ ትልቅ ዓሣ። በጭንቀት ብዛት ሾርባውን ደጋግማ ከመቅመሷ የተነሳ እንግዶቹ ሳይመጡ ሆዷ ሞላ።

እንግዳዋ ከልጃቸው ከበያጁ ጋር ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቻቸው መረብ በመጠገን የጠነከሩ ሴት ናቸው፤ በእጃቸው አንድ ቅርጫት ሎሚ ይዘዋል። ሰላምታው ያማረ ነበር። እትዬ ጭልፋ ራስጌ ያለውን የክብር ወንበር ሳብ አድርጋ "እዚህ ይቀመጡልኝ" ብትላቸው እንግዳዋ ወንበሩንም እሷንም አይተው ፈገግ አሉና ከጎን ተቀመጡ። ትሕትና ነው አለች በልቧ። የራስጌው ወንበር ባዶውን ቀረ።

ሾርባው ቀረበ። እትዬ ጭልፋ ጭልፋዋን ይዛ ከበስተኋላ ቆመች፤ ልጇም የውኃውን ማሰሮ ይዛ አጠገቧ ቆመች።

"ይብሉ እንጂ እትዬ፤ እንዳይበርድ።"

"እሺ እህቴ" አሉ እንግዳዋ። እጃቸው ግን ከጭናቸው አልተነሳም። በፈገግታ ያዩዋት ጀመር።

"በሞቴ፣ ትንሽ እንኳ ቀመስ ያድርጉ።"

"እሺ፣ እሺ።" አሁንም እጃቸው እዚያው ነው። ዓይናቸው ወደ ባዶው ወንበር ሄዶ ተመለሰ።

ጋሼ ገመዱ ርቦት ነበርና ማንኪያውን አነሳ። እንግዳዋ ዞር ብለው አዩት፤ ሰው ቤት መስኮት ሲሰብር የተያዘ ይመስል ማንኪያውን ቀስ ብሎ መለሰ። በያጁ አንገቱን ደፍቷል፤ ፊቱ አመድ ለብሷል። እትዬ ጭልፋ ሾርባው በርዶ ይሆናል ብላ ሳህኖቹን ሰብስባ ድስቱ ውስጥ መለሰች፣ አሞቀች፣ እንደገና ቀዳች። የተጠበሰውን ዓሣም አመጣች፤ ከዓሣው ምርጡን ቦታ ቆርጣ እንግዳዋ ሳህን ላይ አኖረች። "በልጄ ይዤዎታለሁ" አለች። እንግዳዋ አመሰገኑ፤ አልነኩም። ይብሉ በተባሉ ቁጥር ፈገግታቸው እየሳሳ ሄደ።

ክፉው ነገር ቋንቋቸው አንድ መሆኑ ነው። ባይግባቡ ኖሮ "ምን ሆናችሁ?" ተባብለው ይጠያየቁ ነበር። የተግባቡ መስሏቸው ተፋጠው ተቀመጡ።

በመጨረሻ እንግዳዋ ነጠላ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። "ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጀልባው እንዳያመልጠን።"

እትዬ ጭልፋ ጭልፋዋን እንደያዘች ዞረች። ወጥ ቤት ገባች። ልጇ ተከትላት ገብታ ማሰሮውን አስቀመጠችና በመዳፏ አፏን ያዘች። "እማዬ፣ ምን አጠፋን?" አለች፤ እንባዋ መጣ።

እትዬ ጭልፋም ልታለቅስ ነበር፤ ግን ንዴቱ ቀደማት። ስንት የባሕር ሰው ያጠገበች፣ ደረቅ ዳቦ ሲያኝክ የኖረን መርከበኛ "ድገሚኝ" ያሰኘች ሴት፣ ዛሬ በገዛ ቤቷ አንዲት ማንኪያ የሚቀምስላት ልታጣ? "ሾርባዬ ምን ሆነ?" አለች። "እስቲ ምን ሆነ?" ድስቱን ከፍታ ጭልፋዋን ነከረችና በወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ፊቷን ወደ ገበታው አዙራ፣ ንዴቷን ሁሉ ይዛ አንድ ጭልፋ ሙሉ ጠጣች።

ሾርባው ምንም አልሆነም። ጨዉ ልክ ነው፤ ሎሚው ልክ ነው።

ጭልፋውን ከአፏ ስታነሳ የማንኪያ ድምፅ ሰማች። እንግዳዋ እየበሉ ነው። በያጁም እየበላ ነው፤ ያውም ለሦስት ቀን እንዳልበላ ሰው። ጋሼ ገመዱ ግራ ቀኝ አየና ፈቃድ ሳይጠይቅ ገባበት።

ሌላ ሴት ብትሆን ተመስገን ብላ ዝም ትል ነበር። እትዬ ጭልፋ ግን ዕድሜዋን ሰው ሲበላ ያየች ናት። በሩ ላይ እንደቆመች አሰበች። ወደ ገበታው ሄዳ ሩዙን ቀዳችላቸው፤ ቀድታም ቆመች። እንግዳዋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከሩዙ ቁንጥር አድርጋ ቀመሰች። እንግዳዋ ማንኪያቸውን አነሱ። ወደ ዓሣው እጇን ዘረጋችና መንገድ ላይ አቆመችው፤ የእንግዳዋም እጅ መንገድ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ የበያጁ ዓይን ትዝ አላት፤ በየቀኑ በዚያች መስኮት በኩል ጭልፋዋ ላይ ተተክሎ የሚቆየው።

"አንተ ልጅ" አለች ወደ እሱ ዞራ። "ትኩስ አትችልም እንዴ?"

"ኧረ እችላለሁ እትዬ" አለ ቀና ብሎ። "ትኩስማ ነፍሴ ነው። እርስዎ ከሰጡኝ ብዬ እንጂ።"

"ታዲያ ስቀምስ የምታየኝ ለምንድን ነው?"

በያጁ እናቱን አየ። እንግዳዋ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሳቅ እያሉ መለሱላት። "ልጄ 'የምወዳት ልጅ እናት ሥርዓት የምታውቅ ሴት ናት፤ ያን ሁሉ ሰው አቁማ ቀድማ ትበላለች' ብሎ ነግሮኝ ነበር። እንዲህ ያለችውን ሴትማ ማየት አለብኝ ብዬ መጣሁ። ዛሬ ግን እስካሁን አንዴም አልቀመስሽም ነበር፤ ወንበርሽም ላይ አልተቀመጥሽም። በእኛ ዘንድ አብሳይዋ አቅርባ ሳትበላ ከቆመች 'ብሉና ሂዱልኝ፤ ከእናንተ ጋር አልቆጠርም' ማለቷ ነው። ታዲያ እንዴት አድርጌ ልብላ እህቴ? እኛን ጠልታናለች ብዬ አፈርኩ።"

"እኔ ደግሞ" አለች እትዬ ጭልፋ፣ "ምግቤን ጠልተውት፣ ልጄን ጠልተዋት ነው ብዬ።"

ሁለቱም ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው ጋሼ ገመዱ ነው፤ ኮቱ አንድ አዝራር ጣለ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ በያጁ እንዲያውም ሲስቅ አለቀሰ ይባላል፤ እሱ ሎሚው ነው ይላል።

"ቀምሻለሁ አሁን፤ አይበቃም?" አለች እትዬ ጭልፋ ዓይኗን እየጠራረገች።

"መቅመስማ ለጨው ነው" አሉ እንግዳዋ። ተነሱና የራስጌውን ወንበር ሳብ አደረጉላት። "እሳት ፊት የቆመ ሰው ቀድሞ ይቀመጣል። ሌላው ምን አድክሞት? ነዪ።"

እትዬ ጭልፋ ተቀመጠች። እንዲህ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ያቺ ሴት ግን ጉልበቷን የት እንደምታደርገው አላወቀችም። እጇ ሥራ ፍለጋ ገበታው ላይ ዞረ። "ጨው ላምጣ" ብላ ብድግ ስትል እንግዳዋ ቀሚሷን ያዟት፤ "ጨው ያማረው ይነሳ።" ውኃ አለች፤ እንደገና ያዟት። በመጨረሻ እንግዳዋ በራሳቸው እጅ ሾርባ ቀዱላት፤ ትኩሱን፤ ከድስቱ ሥር ሳይሆን ከላዩ። በላች። የራሷን ሾርባ ተቀምጣ፣ ሳህን ሞልቶላት ስትበላው ጣዕሙ አስደነገጣት። እናቷ ትዝ አሏት፤ ቆመው ድስት የሚጠርጉት እናቷ።

ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ልጇ ማሰሮውን እንደገና ይዛ ቆማለች፤ አፏን ከፍታ እናቷን ታያታለች።

"ምን ሆነሽ?"

"እማዬ፣ ስታኝኪ ጉንጭሽ ይሰረጉዳል" አለች ልጅቷ። "በሁለቱም በኩል። አላውቅም ነበር።"

"እኔ አውቃለሁ" አለ ጋሼ ገመዱ ሩዝ አፉ ውስጥ እንዳለ። "ሳላገባት ወደብ ዳር ቁጭ ብላ ዳቦ ስትበላ አይቻት ነው የወደድኳት። ካገባኋት ወዲህ ግን ደግሜ አላየሁትም። ያለ እንኳ አልመሰለኝም።"

እትዬ ጭልፋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ባሏን አየች፤ ከዚያ ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። አቋቋሟን አየች፤ ክብደቷን በአንድ እግሯ ጥላ፣ ማሰሮውን ወገቧ ላይ ደግፋ፣ የሰው ሳህን እየጠበቀች። ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ዳቦ ስትገምጥ ስንቴ አይታት "እንደ እኔ ታታሪ ናት" ብላ ደስ ብሏታል። ዛሬ ደስ አላላትም።

"አንቺስ ለምን ቆመሻል?"

"እናንተ ጨርሱ፣ እኔ ኋላ..."

"ምን ኋላ አለ? ማሰሮውን አስቀምጪው" አለች እናትየው፤ ከልብስ ሰፊው የተዋሱትንም ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችላት። "ቁጭ በይ ልጄ። ያበሰለ በእንፋሎቱ ይጠግባል የሚባለው ውሸት ነው፤ እኔ ልንገርሽ።"

የዚያን ቀን የተበላው ዓሣ አጥንቱ እንኳ ለድመት የሚሆን አልነበረም። ጀልባውም አመለጣቸው፤ እንግዳዋ አደሩ። ሰርጉም ሆነ። በሰርጉ ቀን እትዬ ጭልፋ ከሙሽሮቹ ቀድማ ተቀምጣ ስትበላ ያዩ ዘመዶች "ይህቺ ሴት ምን ነካት?" ብለው አሟት። እሷም ሰምታ ጉንጯን አሰረጎደችላቸው።

አሁን በመመገቢያ ቤቱ፣ ከምግብ መስኮቱ ኋላ አንድ ወንበር አለ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እትዬ ጭልፋ ሳህኗን ሞልታ ትቀመጣለች። ሰልፉ ያጉረመርማል፤ መካኒኮቹ ትሪ ያንኳኳሉ፤ ክሬን ነጂው በመስኮቱ ቀዳዳ አፍንጫውን ያስገባል። በያጁ ግን ከፊት ቆሞ ማንንም አያሳልፍም። "ትብላ፣ ተዉአት" ይላል። እሷ ሳህኗን ስትጨርስ መስኮቱ ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ሾርባም የእሱ ነው፤ እንፋሎቱ እየወጣ።